ዋጋ ሲነሣ የቤት ልጅ፣ ኪሳራ ሲመጣ ነጋዴ፦ «የቤት ጽዳት ዋጋ ጣሪያ ይበጅለት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የቤት ጽዳት ዋጋ ጣሪያ ይበጅለት» የሚለውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ተናደድኩ፤ በሁለተኛው ግን ጸሐፊው ክፉ ሰው እንዳልሆኑ፣ ይልቁንም ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራ የሚውሉበት ቤት ያላቸውና የኑሮ ውድነቱ የከበዳቸው የደብረ ብርሃን ነዋሪ እንደሆኑ ተረዳሁ። እኔ በበኩሌ እዚሁ ከተማ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት በማጽዳት የኖርኩ፣ በማታው ክፍለ ጊዜም የሒሳብ አያያዝ የተማርኩ ሴት ነኝ። በወር ደመወዝ የቀጠረኝ የለም፤ ደንበኞቼን ራሴ አገኛለሁ፣ ዋጋዬን ራሴ እናገራለሁ፣ የገቢና የወጪ ደብተሬንም ራሴ እይዛለሁ። የማቀርበው ምላሽ በአብዛኛው ከዚሁ ደብተር የወጣ ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ጸሐፊው የቤት ጽዳት ሙያ የማይጠይቅ ሥራ ነው ይላሉ። ለግማሽ ቀን 400 ብር የምትጠይቅ ተመላላሽ በወር 26 ቀን ብትሠራ 10,400 ብር ስለምታገኝ የተማረ የመንግሥት ሠራተኛ ሊቀናባት ነው ይላሉ። የምትበላው ምሳና የሚሰጣት ልብስ ከዋጋው ሊታሰብ ይገባል፣ ሥራ ፈላጊ በበዛበት ከተማ ዋጋ መጨመሩ ከስግብግብነት በቀር ሌላ ምክንያት የለውም፣ ዋጋ መደራደር የጀመሩትም አክብሮት ስለጠፋ ነው ሲሉ ይቀጥሉና፣ ከተማ አስተዳደሩ ለጽዳት የዋጋ ጣሪያ እንዲወስን በመጠየቅ ይደመድማሉ። በአንድ ቦታ ላይ ደግሞ አዲስ ለተሠራ ቤት 3,000 ብር የጠየቁ ሁለት ሴቶችን እንደ መጨረሻ ማስረጃ ይጠቅሳሉ፤ ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ጸሐፊው ሳያስተውሉት የሚመላለሱበት አንድ ተቃርኖ አለ። ዋጋ ሲነሣ ጽዳት ሠራተኛዋ «የቤታችን ልጅ» ናት፤ ከማዕዳችን ትበላለች፣ ልብሳችንን ትለብሳለች፣ ስለዚህ ልትደራደር አይገባም። ኪሳራ ሲመጣ ግን በራሷ የምትሠራ ነጋዴ ናት፤ ብትታመም የራሷ ጉዳይ ነው፣ ብርጭቆ ብትሰብር ትከፍላለች፣ በራፍ ላይ ደርሳ «ዛሬ እንግዳ አለብን» ብትባል የባጃጇን ሂሳብ የሚመልስላት የለም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይቻላል፤ ሁለቱንም ይዞ፣ ከየአንዱ ለአሠሪው የሚመቸውን ብቻ ማንሣት ግን ትክክለኛ ሂሳብ አይደለም።

ወደ 10,400 ብሩ ልምጣ፤ ብዙ አንባቢ ያመነው ይህን ነውና። ስሌቱ የተሳሳተው ማባዛቱ ላይ ሳይሆን 26 ቀን በሚለው ላይ ነው። በእኛ አገር ደንበኛ ቤት በወር 26 ቀን የሚሠራ ተመላላሽ አላውቅም። እሑድ ከሒሳቡ ወጥቷል እንበል፤ ነገር ግን በወሩ 12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ልብስ ማሳጠብ የማይፈልጉ ደንበኞች ጥቂት አይደሉም፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ጊዮርጊስንና ገብርኤልን ይጨምራል። ይህን እየነቀፍኩ አይደለም፤ እኔም ከእነዚያ ቀኖች የማከብረው አለኝ። ነገር ግን የከበረው ቀን ለደመወዝተኛ ደመወዙን አይቀንስበትም፣ ለእኔ ግን ባዶ ቀን ነው። ክረምት ሲገባ የታጠበ ብርድ ልብስ ለሦስት ቀን ስለማይደርቅ ልብስ አጠባው ይቀንሳል፤ ከእንቁጣጣሽና ከፋሲካ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ደግሞ ከተማው ሁሉ ባንድ ላይ ይፈልገኛል፣ እኔ ግን አንድ ሰው ስለሆንኩ ከአንድ ቤት በላይ ልደርስ አልችልም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ቀጠሮው ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ውሃው ከቀረ እኔም እቀራለሁ።

ደብተሬ የሚያሳየው በመልካም ወር 17 ወይም 18 ቀን፣ በመጥፎ ወር 11 ወይም 12 ቀን ነው። በ15 ቀን እናስላው። በ400 ብር ሲባዛ 6,000 ብር ይሆናል። ለባጃጅ ደርሶ መልስ በቀን 30 ብር ሲያዝ 450 ብር፤ ለጓንት፣ ለመወልወያ ጨርቅና ደንበኛው ሳይገዛ ቀርቶ እኔ ለምሞላው በረኪናና ዱቄት ሳሙና 500 ብር፤ ደንበኛ ለመያዝ ለማወጣው የስልክ ካርድ 100 ብር። ወጪው 1,050 ብር ነው፣ የሚተርፈው 4,950 ብር። ጸሐፊው ከጻፉት አሐዝ ግማሹ እንኳ አይሆንም።

በዚህ ላይ ከደመወዝተኛ ጋር ካወዳደርን አይቀር ውድድሩ ሙሉ ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመቱ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት ከነደመወዙ ያገኛል፤ ሴት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከነክፍያው ትወስዳለች፤ ለጡረታውም አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ ያዋጣለታል። እኔ ሁለተኛ ልጄን የወለድኩ ጊዜ ለአራት ወር ያህል ከደብተሬ የገቢ ዓምድ ላይ አንዲት መስመር አልጻፍኩም፤ ከተመለስኩም በኋላ ከሰባት ደንበኞቼ ሦስቱ ሌላ ሰው ይዘው ጠበቁኝ። በራሱ የሚሠራ ሰው የቀን ዋጋው ከደመወዝተኛ የቀን ሒሳብ ከፍ የሚለው እነዚህን ሁሉ ራሱ ስለሚሸከም ነው። አናጢውም፣ ቧንቧ ሠራተኛውም፣ ቀለም ቀቢውም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ጸሐፊው ግን በእነርሱ ላይ ጽሑፍ አልጻፉም።

«ግማሽ ቀን» የሚለውም ቃል መመርመር አለበት። እኔ ደንበኛ ቤት የምገባው ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ የምወጣው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ሕጉ ለመደበኛ የሥራ ቀን ያስቀመጠው ስምንት ሰዓት ስለሆነ፣ ግማሽ የተባለው ቀን ከሙሉው ቀን አምስት እጅ አራቱ ነው። እቤት ስገባ የራሴ ቤት ደግሞ ሳይጠረግ ይጠብቀኛል።

ዋጋው ለምን ጨመረ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የተሰወረ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ይል የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ እየዘለለ ሄዶ ዛሬ ያለበት ደርሷል። ከዚያ ቀን በፊት የኔ ዋጋ 250 ብር ነበር፤ 400 የደረሰው በሁለት ጊዜ ጭማሪ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ከወር በፊት አስታውቄ። በዚያው ጊዜ ውስጥ ዱቄት ሳሙናው፣ ዘይቱና የቤት ኪራዩ እንዴት እንደጨመሩ ጸሐፊው ራሳቸው በጽሑፋቸው መግቢያ ላይ በምሬት ዘርዝረዋል። የእርሳቸውን ኑሮ ያስወደደው ገበያ የእኔን ኑሮ ዘልሎ አያልፍም።

ሙያ አይጠይቅም ለተባለው አንድ ቀን የሆነውን ልንገር። አንዲት ደንበኛዬ የመጸዳጃ ቤቱን ሳህን ለማንጣት አስቀድመው አሲድ አፍስሰውበት ኖሯል። እኔ ስደርስ «በላዩ በረኪና ጨምሪበት፣ ያኔ ነው የሚነጣው» አሉኝ። እምቢ አልኩ። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ መስኮቱ አንድ ክንድ በማይሞላ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሳንባን ያቃጥላል፣ ሲበዛም ይገድላል። ደንበኛዬ የተማሩ ሴት ናቸው፤ ይህን ግን አያውቁም ነበር፣ እኔ አውቅ ነበር። ያወቅሁት ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ራሴ ደባልቄው ለሁለት ሳምንት ካሳለኝ በኋላ ነው።

ቀሪው ዕውቀት ይህን ያህል አያስፈራም፣ ግን ዕውቀት ነው። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች መውረድ፣ የሸረሪት ድሩን ሳያወርዱ ወለል አለመንካት፣ ደረቁን ሳይጠርጉ እርጥብ አለማስገባት፤ የመንዝ ባና በፍል ውሃ ከታጠበ ተኮማትሮ የሕፃን መጠቅለያ እንደሚያክል ማወቅ፤ ኩበትና ባሕር ዛፍ ሲነድበት የኖረ ማድ ቤት ጥላሸቱ በውሃ ብቻ ሲነካ ግድግዳው ላይ እየተሰራጨ እንደሚብስ ማወቅ። ለመስኮት መስታወት ኮምጣጤ የገባበት ውሃና አሮጌ ጋዜጣ ከብዙ ውድ ፈሳሽ እንደሚሻል የነገርኳቸው ደንበኞች ገንዘብ ቆጥበዋል፤ ለዚህ ምክር አስከፍዬ አላውቅም።

ሥራው በሰውነት ላይ የሚያደርሰውም በዋጋው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከ6,000 በላይ ሰዎችን ለ20 ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ በጽዳት ሥራ የተሠማሩ ሴቶች የሳንባ አቅም ከማያጸዱት ይልቅ በፍጥነት እንደሚቀንስ አሳይቷል። እዚህ ላይ የከተማችንን ብርድ ጨምሩበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ላይ ውርጭ አንጥፎ በሚያድርበት ማለዳ፣ ሌሊቱን ጀሪካን ውስጥ ባደረ ውሃ አንሶላ ማጠብ ምን እንደሚመስል ጣቶቼ ያውቃሉ። ትንሽ ውሃ ሞቅ አድርጎ የሚሰጥ ቤት አለ፤ ከሰል ተወደደ ብሎ የሚከለክልም አለ።

ምሳውንና አሮጌ ልብሱን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ለእንግዳ እንጀራ ማቅረብ፣ «ቡና ደርሷል፣ ነይ ጠጪ» ማለት የሸዋ ሰው ወግ ነው፤ ደስ ብሎኝ እቀበለዋለሁ፣ እመርቃለሁም። ከዋጋ የሚቀነስ ከሆነ ግን ወግነቱ ቀርቶ ሽያጭ ይሆናል፤ ሽያጭ ከሆነ ደግሞ ምን እንደምበላና በስንት እንደምበላ አስቀድሜ ልስማማበት ይገባል። ጸሐፊው ቧንቧውን ለጠገነላቸው ሰው ሻይ አቅርበው ሲያበቁ ከሂሳቡ የቀነሱ ይመስላችኋል? አይመስለኝም። አንገትጌው ያለቀ ሹራብም ቢሆን በፍቅር ከተሰጠ ስጦታ ነው፤ ሱቁ ግን በሹራብ ዘይት አይሸጥልኝም።

ሥራ ፈላጊ ስለበዛ ዋጋው ይውረድ የሚለው ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ ነው። ከተማችን የተለወጠችው በቅርቡ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ተቋቋመ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ተመረቀ፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ባለትዳሮች ሥራ የሚውሉበት ቤት እየበዛ ስለሄደ የተመላላሽ ፈላጊው አብሮ አደገ። በኋላም ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖቻችን እዚህ ተጠለሉ። ከእነርሱ መካከል የራሷ ቤትና የራሷ ሠራተኛ የነበራት፣ ዛሬ ግን የሰው ቤት የምታጥብ ሴት አውቃለሁ። ይህች ሴት በ150 ብር የምትስማማው የሥራው ዋጋ 150 ብር ስለሆነ አይደለም፤ ልጆቿ ማታ የሚበሉት ስለሌለ ነው። የሰውን መቸገር እንደ ገበያ ዋጋ ቆጥሮ፣ በእርሱ መሠረት ሌላውንም ማውረድ በሒሳብ ቢቻል እንኳ ጸሐፊው ከጠቀሱት ክርስቲያናዊ ርኅራኄ ጋር አይሄድም፤ የድኃን ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፈል የሚለው ትእዛዝ ከኦሪት ጀምሮ ያለ ነው።

ፀሐይ ካነሣሁ አይቀር፣ ስለ አክብሮት መናገር የምፈልገው ከዚሁ ይጀምራል። ጸሐፊው አክብሮት ሲሉ አቀርቅሮ መስማትን ነው። እኔ አክብሮት የምለው ሥራው እንዳለቀ መከፈልን ነው። «በቴሌብር እልክልሻለሁ» ተብዬ ሦስት ቀን፣ አንድ ጊዜም ሦስት ሳምንት የጠበቅሁባቸው ቤቶች አሉ። ስደውል ስልኩ አይነሣም፤ ደግሜ ብደውል ጨቅጫቃ እባላለሁ፤ ዝም ብል ገንዘቡ ይረሳል። ከታላላቆቼ አንቱታ አልጠብቅም፤ እኔ ግን እትዬና ጋሼ ብዬ እየጠራሁ፣ ዘጠኝ ዓመት የማውቃቸው ሰዎች በስሜ ፈንታ «ሠራተኛዋ» ሲሉኝ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ ከወላጆቹ ሰምቶ «ገረዷ መጣች» ብሎ በር ሲከፍት፣ ያ ቤት የትኛውም ክፍሉ ቢነጣ ንጹሕ አይመስለኝም። ስወጣ ቦርሳዬን በልጆቹ ፊት ያስፈተሹኝም ነበሩ። መተማመኛ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የፋይዳ መታወቂያዬን አሳያለሁ፣ የሁለት ነባር ደንበኞችን ስልክም ፈቃዳቸውን ጠይቄ እሰጣለሁ። ይህ ከተደረገ በኋላ በየሳምንቱ መፈተሽ መተማመኛ ሳይሆን ማዋረድ ነው።

ጸሐፊው እውነት ያላቸው ቦታ አለ፣ ልሸሽገው አልፈልግም። ቀጠሮ ይዘው የሚቀሩ፣ ለአንድ ጠዋት ሁለት ቤት ቃል የሚገቡ፣ የአልጋና የሶፋ ሥር ሳይጠርጉ የሚሄዱ ባልደረቦች አሉን። ሌላ የተሻለ የከፈለ ሲገኝ ነባሩን ደንበኛ ጥሎ መሄድም ያሳፍራል። በዚህ ጉዳይ የሚቀርብ ወቀሳ ሁሉ ተገቢ ነው፤ እኔም ለራሴ እንዲህ ያለ ጥፋት ከሠራሁ የዚያን ቀን ዋጋ አልወስድም። መድኃኒቱ ግን ዋጋውን ማውረድ አይደለም፤ በሚገባ የሚከፈላት ሴት ናት ደንበኛ እንዳይሸሽባት የምትሰጋው።

ከሁሉ የከበደኝ፣ ዋጋው ሲጨምር የሚጎዱት ሌሎች ሴቶች ናቸው የሚለው የጸሐፊው ነጥብ ነው። እውነት ነው። መምህርቷ፣ ነርሷ፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋ፣ ማታ ደክማ ገብታ ምጣድ የምትጥደው እናት የእኔ ደንበኛ ናት፤ የእርሷም ደመወዝ ከኑሮው ውድነት እኩል አልጨመረም። እንዲህ ያለች ደንበኛ ዋጋው ከበደኝ ስትለኝ የማደርገው ነገር ዋጋውን ሳይሆን ሥራውን መቀነስ ነው። በወር ሁለቴ የነበረውን በሦስት ሳምንት አንድ እናደርገዋለን፤ ልብስ አጠባውን እናወጣና ከባዱን ወለል፣ ማድ ቤትና መጸዳጃ ቤት ብቻ እይዛለሁ፤ መጋረጃ ማውረድና መልሶ መስቀል፣ ሶፋ ማንሣት ደግሞ ለባልየው ይሰጣል። በሁለት ቤት ሞክረነው ሠርቷል። (በአንደኛው ባልየው ከመሰላል ወድቀው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋዬ አንድም ቀን አላነሡም።)

የመጨረሻው የዋጋ ጣሪያው ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሕጉን ቢመለከቱ ኖሮ የጎደለው ሌላ እንደሆነ ያዩ ነበር። አዋጅ 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን አውጥቶ፣ የሥራ ሁኔታውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን ለይቶ ትቶታል። በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት ለዋጋ የሚሠራን ሰውም እንዲሁ አይመለከትም። ስለዚህ ቤት ውስጥ እያደረች የምትሠራዋም፣ እንደኔ ተመላላሽ የሆነችውም ከዚህ አዋጅ ውጭ ነን። በ2003 ዓ.ም. በጄኔቫ የወጣው ዓለም አቀፍ የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 እንኳ የሚመለከተው በቅጥር ላይ ያለችውን ነው፣ እኔን አይደለም። ለእኔ የሚቀርበው ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ በአንቀጽ 2610 መሠረት አንድ ሰው በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፣ ሌላውም ዋጋውን ለመክፈል ይዋዋላሉ። ዋጋውን የሚወስኑት ሁለቱ ናቸው።

በሌላ በኩል ለግል ዘርፍ በአገሪቱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እስካሁን የለም፤ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም አንቀጽ አስቀምጦለታል፣ ወለሉ ግን አልተነጠፈም። ወለል በሌለበት ቤት ጣሪያ ለመሥራት መቸኮል እንደ ጽዳት ሠራተኛ የሚያስቀኝ ነገር ነው። ከተማ አስተዳደሩ ሊረዳን ከፈለገ ከዋጋ በፊት የሚሠራው አለው፤ ያልተከፈለ የ400 ብር አቤቱታ ፍርድ ቤት ሳይኬድ በቀበሌ ደረጃ በአንድ ቀን የሚታይበት መንገድ ቢኖር ለእኔ ከጣሪያም ከወለልም ይበልጥ ይጠቅመኛል። እስከዚያው እኔ የምጠቀመው ግማሽ ሉክ ነው፤ የትኞቹ ክፍሎች፣ ልብስ አለ ወይስ የለም፣ ሳሙናው ከማን፣ ሰዓቱ ስንት፣ ዋጋው ስንት፣ ከአንድ ቀን በፊት ሳይነገር ቀጠሮ ቢፈርስ የሚከፈለው ስንት እንደሆነ በሁለት ቅጂ ተጽፎ ሁለታችንም እንፈርምበታለን። ከነባር ደንበኞቼ አንዷ መጀመሪያ «ምን ሆነሽ ነው፣ እኔና አንቺ በወረቀት?» ብለው ቅር ተሰኝተው ነበር። አሁን ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፈውታል፤ ባለቤታቸው ተጨማሪ ሥራ ሊያዙኝ ሲሉ የሚያሳዩአቸው እርሳቸው ናቸው።

አዲስ ለተሠራው ቤት 3,000 ብር ስለጠየቁት ሁለት ሴቶች ያልኩት ቀርቷል። ቤቱን አላውቀውም፣ ሴቶቹንም አላውቃቸውም፤ ሥራውን ግን አውቀዋለሁ። ግንበኛና ቀለም ቀቢ ገና የወጡለት ባለ አራት ክፍል ቤት ለሁለት ሰው የሁለት ሙሉ ቀን ሥራ ነው። በሴራሚኩ ላይ የደረቀው ሲሚንቶ በምላጭ እየተፋቀ ይነሣል፤ በመስኮቱ መስታወት ላይ የተረጨው ቀለም እንዲሁ፤ የሚጠረገው የጂፕሰም ብናኝ ሦስት ጊዜ ተጠርጎ በአራተኛው ገና ሲወለወል ይታያል፤ አፍንጫና ጉሮሮ ደግሞ ለቀናት ነጭ ነጭ ይላል። 3,000 ብር ለሁለት ሰው በሁለት ቀን ሲካፈል ለአንዷ በቀን 750 ብር ይደርሳታል። ምላጩ፣ ጓንቱና አሲዱ ከዚያ ላይ የሚወጣ ይሁን ወይም ከቤቱ ባለቤት፣ ጽሑፉ አይናገርም።